ከከተማ ገጠር የገባች ውሻ፦ ከሰውና ከከብት ማላመድ በምን ይጀመር?

አዲሲቷ_ጎረቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ከመጠለያ የመጣች፣ 2 ዓመት ገደማ የሆናት እንስት ውሻ ቤት ከገባች ዛሬ 4ኛ ቀኗ ነው። ያደገችው ከተማ ነው ተብሏል። ቦታው ገጠር ነው፤ ቅርቡ ጎረቤት 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በመሃል በጎችና ላሞች የሚውሉበት የግጦሽ መስክ አለ፣ ጎረቤት ግቢ ደግሞ ዶሮዎች አሉ። ሰው በር ላይ ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። በጎቹን ስታይ ግን ድርቅ ብላ ትቆማለች፤ ስሟን ቢጠሩላትም አትሰማም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ጎረቤቶችን ጠርቶ ከሁሉም ጋር በአንዴ ማስተዋወቅ፤ እሁድ በበጎቹ መሃል በገመድ ይዞ ማሳለፍ፤ ከዚያ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ፈትቶ መልቀቅ። የምታውቁ ሰዎች ሳልጀምር አርሙኝ።

ረጅም_ገመድ

እህቴ፣ ሳትጀምሪ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ሦስቱም ዕቅዶች ለጊዜው ይቅሩ።

ብዙ ሰው ማላመድ ሲባል ማገናኘት ይመስለዋል። ማላመድ ማለት ውሻዋ አንድን ነገር አይታ፣ ምንም ሳይደርስባት፣ ተረጋግታ ማለፍ መቻሏ ነው። መነካቱና መተዋወቁ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ባይመጣም ሰላም ያላት ውሻ ልትሆን ትችላለች። ቅዳሜ 8 ሰው ቤት ውስጥ ከገባ የምትማረው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቤት ማምለጫ የለውም።

ዕድሜዋንም አስቢ። ቡችላ አዲስ ነገርን በቀላሉ የሚቀበልበት ጊዜ በግምት ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ነው። እሷ ያንን በር ካለፈች ቆይታለች። መማር ትችላለች፤ መንገዱ ግን የያዘችውን ስሜት በርቀትና በምግብ ቀስ አድርጎ መለወጥ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሳይሆን በወር ቁጠሪው።

ገጠር ጸጥታ ስላለው ለውሻ ቀላል ይመስላል። ከተማ ውስጥ ከቤቷ ደጅ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያልፍ የኖረች ውሻ አንዱን መንገደኛ ከሌላው አትለይም፤ ሁሉም የአካባቢው ድምፅ ነው። በሳምንት ሁለት ሰው ብቻ ካየች ግን እያንዳንዱ ሰው ድንገተኛ ነገር ይሆንባታል። ከጸጥታ መሃል የሚወጣ ትራክተርም እንደዚያው። የገጠር ማላመድ ችግሩ የነገሮቹ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሲመጡ ብቻቸውን፣ ትልቅ ሆነው፣ በድንገት መምጣታቸው ነው። ሥራሽ እነዚህን ነገሮች አሳንሶ፣ አርቆ፣ ቀድሞ አውቆ ማቅረብ ነው።

እስከ 2 ወይም 3 ሳምንት ድረስ እንግዳ አይምጣ። ምግብ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጉዞ በተመሳሳይ መንገድ፣ መኝታዋ ሰው የማይረማመድበት ጥግ ይሁን። ጤነኛ ትልቅ ውሻ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ትተኛለች፤ አዲስ ቤት የገባች ከዚያም በላይ ልትተኛ ትችላለች። ጠረጴዛ ሥር ከገባች አትጎትቻት፤ እዚያው ምንጣፍ አንጥፊላት።

ደጅ ስትወጪ ሁለት ማሰሪያ ይኑራት፣ አንዱ በአንገቷ፣ ሌላው በደረቷ። የአንገቱ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። የፈራች ውሻ ወደፊት አትጎትትም፤ ወደ ኋላ ታፈገፍግና ጆሮዋን ዝቅ አድርጋ ጭንቅላቷን ታወጣለች። ቤት ውስጥ ሳለሽ ፊት ለፊቷ ቆመሽ ገመዱን በቀስታ ወደ አንቺ ሳቢው፤ ጆሮዋ ላይ ከደረሰ ላልቷል። በዚህ ጊዜ ካመለጠች ወደ ቤት አትመለስም፣ ቤቷ የት እንደሆነ ገና አልያዘችምና።

የእንስሳት_ሐኪሟ

ከማላመዱ በፊት ወይም ጎን ለጎን መደረግ ያለበትን ልጨምር።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ማስረጃ ከሌለው እንዳልተከተበች ቁጠሪያት። ለሰው የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ ድረስ በውሻ በኩል ነው፤ ገጠር ደግሞ ከቀበሮና ከሌሎች የዱር እንስሳት ጋር የምትገናኝበት ዕድል ሰፊ ነው። ትልቅ ውሻ አንድ ጊዜ ትከተባለች፣ ከ1 ዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ክትባቱ ዓይነትና እንደ አገሩ ሕግ። በማላመድ ሥራ ላይ ማንም ሰው ቢነከስ ወይም ቢቧጨር ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ። ሰው ነክሳ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆና ከቆየች በነከሰች ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ክትትሉ 10 ቀን የሚሆነው።

ዲስቴምፐርና ፓርቮ የሚባሉት የውሻ የቫይረስ በሽታዎች መከላከያም ትከተብ። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ሌሎች ውሾች የሚዞሩበት መንገድ ላይ የምትሄድ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

በከብት አካባቢ የምትኖር ውሻ ሦስት ነገር ትከለከላለች። አንደኛ፣ የታረደ ወይም የሞተ በግ ጥሬ ሆድ ዕቃ፤ ሳንባና ጉበት ላይ ያለው እጭ ሆዷ ውስጥ የኮሶ ትል ይሆናል፣ የትሉ እንቁላል ደግሞ በሰው ጉበት ላይ የውኃ እጢ ያወጣል። በሽታው ባለበት አካባቢ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የኮሶ ትል መድኃኒት በየ6 ሳምንቱ መስጠት የተለመደ ነው፤ ልኩን በኪሎዋ ሐኪምሽ ይንገርሽ። ሁለተኛ፣ ኩሷን ግጦሽ ላይ ጥሎ መሄድ፤ ኒዮስፖራ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ በውሻ ኩስ ተላልፎ ላሞችን ያስወርዳል። ጎረቤትሽ ውሻሽን እንዲወዳት ከፈለግሽ ከረጢት ይዘሽ ሂጂ። ሦስተኛ፣ የትል መድኃኒት የተሰጠው ፈረስ ፋንድያ። ፈረስ የሚታከምበት አይቨርሜክቲን ፋንድያው ውስጥ ይወጣል፤ ኮሊ የሚባለው የበግ እረኛ ዝርያ ደም ያለባቸው አንዳንድ ውሾች መድኃኒቱን አይችሉትም፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይንገዳገዳሉ፣ የዓይናቸው ብሌን ይሰፋል።

ሌላው፣ ድንገት የመጣ ቁጣ ወይም ንክኪ አለመውደድ አንዳንዴ ሕመም ነው። ጆሮ፣ ጥርስ፣ ወገብ ሳይታይ "ፀባይ ነው" አይባልም።

አዲሲቷ_ጎረቤት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ተሰርዟል። ከ3 ሳምንት በኋላስ የመጀመሪያው ሰው እንዴት ይምጣ? ቤት ውስጥ ሰው መምጣቱ ግድ ቢሆንስ?

ረጅም_ገመድ

ግድ ከሆነ ሰውየው ሳይደርስ ሌላ ክፍል አስገቢያት፤ የምታኝከው ነገር ስጪያትና በሩን ዝጊ፤ ሰውየው ከሄደ 10 ደቂቃ ቆይተሽ አውጪያት። ያ ቀን የትምህርት ቀን አይደለም።

የትምህርቱ ቀን ግን እንዲህ ነው። አንድ ሰው፣ አዋቂ፣ እርጋታ ያለው፣ የሚባለውን የሚሰማ። መመሪያውን በስልክ ቀድመሽ ንገሪው፤ ፊት ለፊት ስታብራሪ ውሻዋ እየጠበቀች ትጨነቃለች። ቦታው ደጅ፣ ገላጣ፣ ከበሩ ራቅ ያለ። ሰውየው ከእናንተ በፊት ደርሶ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ። አያያት፣ አይጥራት፣ እጁን አይዘርጋ።

አንቺ ከ30 ሜትር ጀምሪ። ቁራሹ የአተር ፍሬ ያህል ሆኖ የተቀቀለ ሥጋ ይሁን፤ 30 ቁራሽ ለአንድ ጊዜ ይበቃል፤ ያንኑ ያህል ከዕለት ምግቧ ቀንሺ። ሰውየውን ስታይ አንድ ቁራሽ፣ እንደገና ስታይ አንድ ቁራሽ። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው ነገር፦ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ምግብ። ተገልብጦ ምግቡ ከቀደመ፣ ምግብ ስትሰጫት "አሁን የሚያስፈራ ነገር ሊመጣ ነው" ብላ ትረዳለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ኪስሽ ውስጥ እጅሽን ስትከቺ ዙሪያዋን መቃኘት ትጀምራለች። ይህ ስህተት እጅግ የተለመደ ነው። 5 ደቂቃ ሲሞላ ውጡ፤ ጥሩ እየሄደ ቢሆንም ውጡ።

ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ላይ ሰውየው ራሱ ምግብ ይወርውር። ወደ ራሱ አያስጠጋት፤ በላይዋ አሳልፎ ወደ ኋላዋ ይወርውር። ምግቡን ለመብላት ዞራ ትርቃለች፣ ትተነፍሳለች፣ ከፈለገች ራሷ ተመልሳ ትቀርባለች። በእጅ መዳፍ ምግብ ይዞ "ነይ ነይ" ማለት ለምን እንደሚጎዳ ልብ በይ፦ የምትፈራ ግን ያማራት ውሻ አንገቷን ታስረዝማለች፣ የኋላ እግሮቿ ግን እዚያው ይቀራሉ። ቁራሹን ስትውጥ ምግቡ ያልቃል፣ ሰውየው ግን ፊቷ ላይ አለ። ያኔ ነው የምትናከሰው፣ ሰውም "እየበላች ነከሰችኝ" የሚለው።

ፈቅዳ ከተጠጋች ደረቷን ወይም አገጯን ከሥር ለ3 ሰከንድ ያህል ማከክ፣ ከዚያ እጅን ማንሳት። ከተደገፈች ይቀጠላል። ፊቷን ካዞረች በቃ ማለቷ ነው። በጭንቅላቷ በላይ እጅ ማሳለፍና ማቀፍ አይሞከር።

ከአንድ ሰው ጋር 3 ወይም 4 ጊዜ ከተገናኘች በኋላ ሁለተኛ ሰው ይጨመር። ከዚያ የሰውን መልክ መለዋወጥ ያስፈልጋል፤ ገጠር ውስጥ ይህ ይረሳል። ለውሻ ጃንጥላ የያዘ፣ በትር የተደገፈ፣ ሸክም የተሸከመ፣ ብስክሌት ላይ ያለ፣ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው ያው ሰው አይደለም። የምታውቀውን ሰው ባርኔጣ አስደርጎ ከ30 ሜትር እንደገና መጀመር ነው። ልጆች መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፤ ሩጫቸውና ጩኸታቸው የማይገመት ስለሆነ ለብዙ ሳምንት ከሩቅ ማየት ብቻ ይበቃታል። ልጅና አዲስ ውሻ ብቻቸውን አንድ ደቂቃም አይተዉ።

ጠጠር_መንገድ

የረጅም_ገመድን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ የበሩን ጉዳይ ልጨምር። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፣ ለሳምንታት ዝም ያለች ውሻ ቤቱን ስትለምድ አጥር ላይ መጮኽ ትጀምራለች። መንገደኛው የሚያልፈው መንገዱ ስለሆነ ነው፤ እሷ ግን "ጮኽኩ፣ ሄደ" ብላ ትይዘዋለች። በየቀኑ አንድ መንገደኛ በየቀኑ አንድ ድል ነው። ከወራት በኋላ ማቆም እጅግ ያስቸግራል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው አጥሩ ታችኛው 1.5 ሜትር የማያሳይ ይሁን፣ በርዋ አጠገብ በሰንሰለት አትታሰር። የታሰረች ውሻ መሸሽ እንደማትችል ታውቃለች፤ ያላት አማራጭ ማስፈራራት ብቻ ነው። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ካየሽ ሳትጮኽ ቀድመሽ ጥሪያትና ከቤቱ ኋላ በኩል መሬት ላይ 5 ወይም 6 ቁራሽ በትኚላት፤ አፍንጫዋን ደፍታ ስትፈልግ ሰውየው ያልፋል።

"የሚጮኽ ውሻ አይናከስም" የሚለውንም እንተወው። የሚጮኽ ውሻ ይናከሳል። ጩኸትና ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ናቸው። በማጉረምረሟ የተመታች ውሻ ማጉረምረሙን ትተዋለች፣ ፍርሃቱን ግን አትተውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ድምፅ ትናከሳለች። ስታጉረመርም ርቀሽ ሂጂ፣ ነገ ከበለጠ ርቀት ጀምሪ።

ጋሽ_መስክ

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ውሻ ከበግ ጋር የሚለምደው ከበግ ጋር ሲያድር ነው። በረቱ ውስጥ አስሮ 3 ሌሊት ማሳደር ነው። ዶሮ ከገደለ ደግሞ የሞተችውን ዶሮ አንገቱ ላይ ማንጠልጠል፤ ድሮ የምናውቀው ይህ ነው።

በረት_አሳዳሪ

ጋሼ፣ በአክብሮት፤ እርስዎ የሚሉት ለአንድ ዓይነት ውሻ እውነትነት አለው። በግ ጠባቂ ዝርያ የሆነ ቡችላ ከ7 ወይም 8 ሳምንቱ ጀምሮ በረት አጠገብ ሲያድግ በጎቹን እንደ ወገኑ ይቆጥራል። ይህ የሆነው ግን ጊዜው ገና ሳያልፍና ዝርያው ራሱ ማደን ስለቀነሰበት ነው። የ2 ዓመት የከተማ ውሻ በረት ውስጥ ታስራ ስታድር ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ፍርሃት ያፈዛታል፤ ጸጥ ስላለች የለመደች ትመስላለች፣ ሲፈቷት ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሆንባታል፣ በግ የሚመስል ነገር ሁሉ ያሸብራታል። ወይም ሌሊቱን ሙሉ በ2 ሜትር ርቀት በጎች ሲሯሯጡ እያየች ፍላጎቷ ሲጋጋም ያድራል። በጎቹም ዕረፍት አያገኙም፤ እርጉዝ በግ ሳትነከስ በድንጋጤና በሩጫ ብቻ ልትጨነግፍ ትችላለች።

የዶሮዋም ነገር እንዲሁ። ውሻ ያሁኑን ሽታ ከትናንትናው ድርጊቷ ጋር አታያይዝም። ብዙዎቹ ውሾች የበሰበሰ ሥጋ ሽታ ይወዳሉ፤ አንገት ላይ ማንጠልጠሉ ቅጣትም አይሆንባቸው። ማባረሩ ራሱ ደስታ ስለሚሰጣት ትምህርቱ መምጣት ያለበት ከማባረሯ በፊት ነው።

እህቴ አዲሲቷ_ጎረቤት፣ "ድርቅ ብላ ትቆማለች፣ ስሟን አትሰማም" ያልሽው ትልቅ መረጃ ነው። ውሻ ስታድን ደረጃ አለው፦ ታያለች፣ ዓይኗን ተክላ ትፈዛለች፣ ታደባለች፣ ታባርራለች፣ ትይዛለች። ያንቺዋ ሁለተኛው ላይ ደርሳለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መጥራት ጥቅም የለውም። ሥራው ሁሉ የመጀመሪያው ላይ፣ አሁን አየች በምትባልበት ቅጽበት ነው።

የሚያስፈልገው 10 ሜትር ገመድ ነው፣ ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው፣ የሚያያዘውም በደረቷ ማሰሪያ ጀርባ ላይ። በአንገቷ አይሆንም፤ በሙሉ ፍጥነት ሮጣ 10 ሜትር ላይ ድንገት ስትያዝ አንገቷ ይጎዳል። ገመዱን እጅሽ ላይ አትጠምጥሚ፤ ጣት ይሰብራል። ጓንት አድርጊ።

መጀመሪያ የበጎቹን ባለቤት አነጋግሪ፣ በምን ሰዓት የት እንደሚውሉ ጠይቂ፤ የሚያጠቡ ወይም እርጉዝ ካሉ ወደ ሌላ መስክ ሂጂ። አጥር ሁልጊዜ በመሃላችሁ ይኑር። ከ100 ሜትር ጀምሪ፣ ነፋሱ ከእናንተ ወደ በጎቹ በሚነፍስበት በኩል፤ ሽታቸው ወደ እሷ ሲመጣ ከማየት የበለጠ ይቀሰቅሳታል። በጎቹን አየች፣ ወዲያው "ጎሽ!" በይ፣ ቁራሹን ከበጎቹ ተቃራኒ በኩል ከጉልበትሽ አጠገብ ስጪያት፣ ጭንቅላቷን አዙራ እንድትበላ። 10 ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ቤት። "ጎሽ" ብለሽ በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልዞረች ርቀቱ አንሷል፤ ወደ 150 ሜትር ተመለሺ። ከ10 እይታ 8ቱን ሳትጠሪያት ራሷ ወደ አንቺ ስትዞር 10 ሜትር ቅረቢ። በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን ይበቃል።

የቆመ በግና የሚሮጥ በግ ሁለት ትምህርት ናቸው። በጎቹ መሮጥ ከጀመሩ ርቀቱን እጥፍ አድርጊ። በ40 ሜትር ላይ ተረጋግታ የምትቆም ውሻ በጎቹ ሲሮጡ እንደ አዲስ ትሆናለች፤ ትምህርቱ ጠፋ ብለሽ አትደንግጪ።

ላሞች ጥጃ ካላቸው ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚያጠቁት እነሱ ናቸው፣ የሚያጠቁትም ውሻዋን ነው። ላም ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ወደ እናንተ ከመጣች ገመዱን ልቀቂው። ውሻዋ ሮጣ ታመልጣለች፣ አንቺ ግን ገመድ ይዘሽ ከቆምሽ በመሃል ትቀሪያለሽ። በጥጃና በእናቱ መካከል አትለፉ። ከፈረስ ኋላም አትለፉ፣ አንድ ርግጫ ይበቃታል።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የኤሌክትሪክ አጥር ነው። የውሻ አፍንጫ እርጥብ ነው፤ ሽቦውን አሸትታ ስትመታ ሽቦውን አታውቅም። በዚያች ሰከንድ ስታየው የነበረውን ትወነጅላለች፣ ላሟን፣ በጉን፣ አጠገቧ ያለሽውን አንቺን። የአንድ ወር ሥራ በአንድ ንዝረት ይፈርሳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ባለቤቱ ቢያጠፋልሽ፣ ካልሆነ ከሽቦው 5 ሜትር ራቂ።

የእንስሳት_ሐኪሟ

የበረት_አሳዳሪን መልስ አንብቤ አንድ ነገር ብቻ፦ በብዙ አገሮች ሕግ ከብት የሚያባርርን ውሻ ባለከብቱ መግደል ይፈቀድለታል። ውሻዋ ብቻዋን የማታባርረውን ከሌላ ውሻ ጋር ስትሆን ልታባርር ትችላለች። ተባራሪ በግ በማንኛውም ሁኔታ ሊሞት ይችላል፣ ሳይነከስም። "ለመጫወት ነው" የሚለው ማንንም አያድንም።

በረት_አሳዳሪ

ዶሮዎቹን ረስቼ። የሚያስጨንቀው ክንፍ ማርገብገባቸው ነው። ዶሮዎቹ ቆጥ ውስጥ ሆነው፣ በወንፊት ሽቦ ተዘግተው፣ ከ20 ሜትር ጀምሪ፤ ሰዓቱ ሊሰፍሩ ሲሉ ምሽት ላይ ቢሆን ይረጋጋሉ። እህል በሚበተንላቸው ሰዓት አትቅረቡ፤ ሁሉም በአንዴ ይሯሯጣሉ። አካሄዱ እንደ በጎቹ ነው። ከወራት በኋላም ዶሮና ውሻ ያለ ጠባቂ አይቀላቀሉ።

አዲሲቷ_ጎረቤት

ሁሉንም ጻፍኩት። ሁለት ጥያቄ፦ ትራክተር በሩቅ ሲመጣ ምግብ መቀበል አቆመች፣ ቁራሹ ከአፏ ወደቀ። ምን ማለት ነው? ሌላው፣ በመንገዱ ላይ ልቅ ውሾች ይዞራሉ፤ ቢመጡብን ምን ይደረግ?

ረጅም_ገመድ

ምግቡ ከአፍ ሲወድቅ ከልኩ አልፏል ማለት ነው። በፍርሃት ውስጥ ያለ አካል አይበላም። ምግብ ከመጣሏ በፊት የታዩ ትንንሽ ምልክቶች ነበሩ፤ እነሱን መያዝ ልመጂ፦ ከንፈሯን መላስ ምግብ ሳይኖር፣ እንቅልፍ ሳይመጣ ማዛጋት፣ የፊት እግር ማንሳት፣ የዓይን ነጩ ከጎን መታየት፣ ሳይሞቃት ማለክለክ፣ ጅራት ወደ ሆድ መግባት። አንዱን ካየሽ ዞር በይ። ቁራሹንም ከእጅሽ በኃይል ስትነጥቅ ተመልከቺ፤ ትናንት በለስላሳ ከንፈር ትወስድ የነበረች ውሻ ዛሬ ጥርሷ ጣትሽን ከነካ ውስጧ ከፍ ብሏል፣ ርቀት ጨምሪ።

ሌላም ምክንያት ይኖራል። ጠዋት እንግዳ፣ ቀትር ላይ ነጎድጓድ፣ ከሰዓት ትራክተር ከሆነ ትራክተሩ ብቻውን አይደለም፤ ተደራርቧል። ከከባድ ድንጋጤ በኋላ 2 ወይም 3 ቀን ትምህርት የለም፤ አጭር ጉዞ፣ ማኘክ፣ መተኛት።

ጠጠር_መንገድ

ትራክተር በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ ቅርጽ፣ ድምፅ፣ እንቅስቃሴ። ለያዪው። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ የቆመ ትራክተር አጠገብ ምግቧን ትብላ፣ ጎማውን ታሽትት። ቀጥሎ የቆመ ግን ሞተሩ የተነሳ፣ ከ60 ሜትር። በመጨረሻ በዝግታ የሚሄድ፣ በጎን በኩል፣ ወደ እናንተ ሳይመጣ። የተኩስና የነጎድጓድ ቅጂ ከስልክ ማሰማት ይረዳል፤ ጆሮዋን ብቻ በምታንቀሳቅስበት ድምፅ፣ ስትበላ፣ ለ5 ደቂቃ። ነገር ግን ትንሽ ድምፅ ማጉያ የነጎድጓድን ወፍራም ድምፅ አያወጣም፤ ቅጂውን ለመደች ማለት ነጎድጓዱን ለመደች አይደለም።

ልቅ ውሾች ሲመጡ ገመዱን አታጥብቂ፤ የተወጠረ ገመድ ደረቷን ያስነሳታል፣ ለመጣው ውሻ ጠብ ፈላጊ ትመስላለች። ፊት ለፊት አትሂዱ፣ በግማሽ ክብ ዞራችሁ ውጡ። ከቀረቡ አንድ እፍኝ ቁራሽ ወደ እነሱ በትኚ፣ ሲለቅሙ ራቁ። የጎረቤት ውሻ ጋር ማስተዋወቅ ካስፈለገ ሁለታችሁም ይዛችሁ ጎን ለጎን፣ በ15 ሜትር ልዩነት፣ በአንድ አቅጣጫ ለ10 ደቂቃ ተራመዱ፤ በሚቀጥሉት ቀናት ልዩነቱን አጥብቡ። በግቢ ውስጥ አይገናኙ፣ ምግብና መጫወቻ መሬት ላይ አይኑር።

የእንስሳት_ሐኪሟ

ካልተኮላሸች ይህንንም አስቢ፦ በአማካይ በየ6 ወይም 7 ወር ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ይመጣል፣ 3 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ወንዶቹ ሽታዋን ይዘው ከሩቅ ይመጣሉ፣ አጥር ይዘላሉ፣ በመካከላቸውም ይጣላሉ። በእነዚያ ሳምንታት የውሻ ለውሻ ማላመድ ይቁም፣ ግቢም ብቻዋን አትውጣ።

አዲሲቷ_ጎረቤት

የመጨረሻ ጥያቄዬ፦ መቼ ትፈታ?

ረጅም_ገመድ

ስትጠሪያት መምጣቷን ሳታረጋግጪ አትፈቺ። ፊሽካ ይሻላል፤ ድምፅሽ ስትደነግጪ ይለወጣል፣ ፊሽካ ግን አይለወጥም፣ በነፋስም ይሰማል። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንት ቤት ውስጥ ብቻ፦ አንድ ጊዜ ንፊ፣ ወዲያው 3 ቁራሽ። በቀን 10 ጊዜ። ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ ሜዳ በረጅም ገመድ፣ ከዚያ በጎች በሩቅ የሚታዩበት ሜዳ። ለመታጠብ፣ ለመድኃኒት፣ ጉዞ ለመጨረስ በፊሽካ አትጥሪያት፤ ለዚያ ሄደሽ ያዣት። እንደማትመጣ እያወቅሽም አትንፊ፤ በከንቱ የተነፋ ፊሽካ ሁሉ አለመምጣትን ያስተምራል።

የመጀመሪያው መፈታት ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር ከፍታ ባለው አጥር ውስጥ ይሁን፤ የምትቆፍር ከሆነ ሽቦው 30 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ይቀበር። ከዚያ ውጭ ገመዱን በአንድ ቀን አታንሺው። ውሻ የገመዱን ክብደት ታውቃለች፤ ሲወልቅ ወዲያው ይሰማታል። የ10 ሜትሩን እጀታ ቆርጠሽ መሬት ላይ እንድትጎትተው ተዪ፣ እንጨትና ድንጋይ እንዳይዘው። ለ2 ሳምንት ጥሩ ከመጣች ወደ 5 ሜትር አሳጥሪ፣ ከዚያ ወደ 2፣ ከዚያ ወደ አንድ ክንድ። በጎች በሚውሉበት መስክ ግን 10 ሜትሩ ይመለስ፣ ከዓመት በኋላም ቢሆን።